ስሟን ያላሻገርኩት ሴት

ጋቢውን ካለበሱኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ሰው አይጠፋም። ፍሬ ይዞ የሚመጣው፣ ዳቦ ይዞ የሚመጣው፣ ሁሉም ተቀምጦ ሻዩን ከጠጣ በኋላ ጉሮሮውን ይጠራርግና፣ "እትዬ ስንዱ፣ ምናለ አንዴ ይቅርታ ቢጠይቁ?" ይለኛል። አልጠይቅም። ዳቦውን አመሰግናለሁ፤ ይቅርታውን ግን አልጠይቅም። ለምን እንደማልጠይቅ ለእያንዳንዱ ከመናገር አንዴ ልጽፈውና ልገላገል።

ጋቢው የሽኝት ነው። የማሠልጠኛው ሰብሳቢ አቶ ደምሴ ማይኩን ይዘው፣ "እህት ስንዱ በእንግዶቻችንና በእኛ መካከል ድልድይ ነበሩ" አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም እጅ ነሳሁ። በልቤ ግን፣ ድልድይ እኮ ይረገጣል እንጂ አይናገርም፣ አልኩ። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ሲያቀብሉኝ ጎንበስ ብለው፣ "ንግግር አያስፈልግም፤ ዛሬ ይረፉ" አሉኝ በጆሮዬ። ሃያ ምናምን ዓመት የሰው ንግግር የተሸከመች ሴት፣ የራሷ ሲደርስ ትረፍ! ከዚያ በኋላ የሆነውን መጨረሻ ላይ ነው የምነግራችሁ። ከሥሩ ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጡ የወንጌል አስተማሪዎች፣ መርካቶ ጭድ ተራ አጠገብ በነበረው አዳራሻችን፣ ከየገጠሩ የተጠሩ አገልጋዮችን ሁለት ሁለት ሳምንት ሲያስተምሩና ሲያበረታቱ በመካከል የምቆመው እኔ ነበርኩ። ስንት ስብከት እንዳሻገርኩ አላውቅም። ያላሻገርኩትን ግን አውቀዋለሁ። አንድ ነው፤ የአንድ ሰው ጥያቄ፣ በጥያቄው ውስጥም የአንዲት ሴት ስም።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። አባቴ ሲሞት ሐጂ ሸምሱ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ሸምሱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቴርሞስ፣ ብረት ድስት፣ ብርጭቆ ያስመጡ ነበር። ዕቃው በካርቶን ይመጣል፤ ካርቶኑ ላይ እንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ሐጂ ደግሞ ዓረብኛ እንጂ እንግሊዝኛ አያነቡም። የመጀመሪያዋ እንግሊዝኛዬ "በዚህ በኩል ወደ ላይ" የምትለው ናት። ሁለተኛዋ "ተሰባሪ ነው፣ በጥንቃቄ ያዙ" የምትለው ናት። ለአስተርጓሚ ከዚህ የተሻለ ፊደል ቆጠራ ያለ አይመስለኝም።

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ፊቱ ተገንጥሎ ከ"ዲ" ነበር የሚጀምረው። በ"ኤ"፣ በ"ቢ" እና በ"ሲ" የሚጀምሩትን ከሰው አፍ ለቅሜ ነው የሞላሁት። ፈረንጅ ገበያ ሊያይ ሲመጣ ሐጂ፣ "ስንዱዬ፣ ነይ እስቲ እቺን ሴትዮ አናግሪልኝ" ይሉኛል። አንድ ቀን አንዷ ቴርሞሱን አገላብጣ አየችና፣ "ይሄማ ሁለት ቀን አይቆይም" አለች። ሐጂ እንዳይከፋቸው ብዬ፣ "ቆንጆ ነው አለች" አልኳቸው። ሐጂ የሴትየዋን ፊት አዩ፤ የእኔን ፊት አዩ።

"ስንዱ፣ ቆንጆ ነው ያለ ሰው አፍንጫውን እንዲህ አይሸበሽብም። የደላላ ሥራው የተባለውን ማድረስ ነው። ጨምሮ ቀንሶ የሚናገር ደላላ መርካቶ ውስጥ ሁለት ረመዳን አይቆይም።"

ያኔ ሳቅሁ። ልብ ብዬ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ደርግ ወድቆ፣ በየጓዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲዘምር የኖረው ሕዝብ ደጅ በወጣ ሰሞን እንግዶቹ መምጣት ጀመሩ። ፓስተር ሲባል ክራቫት ያሰረ አይምሰላችሁ። አዳራሻችን የሚመጡት አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ። ሳምንቱን ያርሳሉ፣ እሑድ ይሰብካሉ። አንዳንዱ ለአራት አጥቢያ አንድ ነው፤ ካንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ነው የሚሄደው። ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግተው ያድራሉ፤ ጠዋት ፍራሹ ይጠቀለልና ወንበር ይደረደራል። ከውጭ መኪና ይራገፋል፤ ተሸካሚው "ዞር በል! ዞር በል!" ይላል። ከቆርቆሮ ጣሪያችን በታች ፈረንጁ ስለ መልካም እረኛ ያስተምራል።

አስተርጓሚው ጋሼ በርጋ ነበሩ። በልጅነታቸው ሚሲዮን ግቢ አትክልተኛ ሆነው ሲያጠጡ ሲኮተኩቱ ነው እንግሊዝኛ የለመዱት። እኔ የምሳውን ነገር ላስተናግድ ነበር የምሄደው። አንድ ጠዋት የጋሼ በርጋ ድምፅ ጭራሽ ተዘጋ። አቶ ደምሴ ተነስተው፣ "እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አለ?" አሉ። እጄን አወጣሁ።

"ሴት?" አሉ አቶ ደምሴ።

ጋሼ በርጋ ድምፅ የላቸው፤ ዝም ብለው ክንዴን ይዘው ጎተቱና አቆሙኝ። ፈረንጁ እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሠላሳ ዓመት ሆነን ብሎ ይጀምራል። እኔ ደንግጬ፣ "እኔና ሚስቴ ከተጋባን ሠላሳ ዓመት ሆነን!" አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሽማግሌ ከመካከል፣ "እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅስ ወለዳችሁ?" አይሉኝም! ከዚያ በኋላ ፈርቼ "እንዲህ አለ፣ እንዲህ አለ" ማለት ጀመርኩ። ጋሼ በርጋ ክርኔን ቆነጠጡኝ። ለምሳ ስንወጣ ድምፃቸው እንደ ወንፊት እየተንሿሿ፣

"'አለ' አትበይ" አሉኝ። "እሱ 'እኔ' ካለ አንቺም 'እኔ' በይ። 'አለ' ያልሽ ቀን ከንግግሩ ወጥተሽ አጥር ላይ ተቀምጠሻል።"

"ይስቁብኛል፣ ጋሼ።"

"ይሳቁ። በሦስተኛው ቀን ይረሱሻል። ሥራ የጀመርሽው ያን ጊዜ ነው።"

እውነታቸውን ነው። በሦስተኛው ቀን ማንም አልሳቀም።

ጋሼ በርጋ ያስተማሩኝን ማንም ትምህርት ቤት አያስተምርም። ከተናጋሪው በግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማሉ። አፉን አያዩም፤ ደረቱን ነው የሚያዩት። "አረፍተ ነገሩ የሚያልቀው ትንፋሹ ሲያልቅ ነው፤ ጆሮሽ ሳይሰማ ዓይንሽ ይነግርሻል" ይላሉ። ሊያስተረጉሙ ሲሉ ወተት አይጠጡም፣ ስኳር አይነኩም፤ ለብ ያለ ውሃ ብቻ። ጥቅስ ሲጠቀስ ከራሳቸው አይተረጉሙም። መጽሐፍ ቅዱሳቸው በየገጹ ባለ ቀለም ክር ተሰክቶበታል፤ ቀዩ መዝሙር፣ አረንጓዴው ሮሜ። ክሩን ሳብ አድርገው ሕዝቡ የሚያውቀውን ቃል እንደተጻፈ ያነቡታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንግዳውን ጥግ ይዘው፣ "ምሳሌዎችህን አሳየኝ" ይሉታል። ሰውየው በበረዶ ላይ ስለ መንሸራተት ሊያወራ ከሆነ፣ "ይሄን ተው፤ አንተ ስትንሸራተት እነሱ ስለ ማዳበሪያ ያስባሉ" ይሉታል። የአንዋር መስጊድ አዛን ሲጀምር እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ተናጋሪው ያቆማል። አንዱ እንግዳ ለምን እንደሚያቆሙ ቢጠይቃቸው፣ "ጎረቤት ሲናገር ጣልቃ አይገባም" አሉት። በዚያች ፋታ ውሃቸውን ይጠጣሉ።

ስለ ክፍያው ብዙ አልልም። ታክሲ ይከፍል ነበር፤ አንዳንዴም አይከፍልም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ስም ያልተሰጠው ግን ሁሉም የሚያውቀው ልማድ ነበረን። ከሰዓት በኋላ የጥያቄ ሰዓት አለ። አገልጋዩ እየተነሳ ያለውን ይናገራል፤ አስተርጓሚው ለእንግዳው ያቀርባል። እንግዳ ደግሞ እንግዳ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ፣ ልጆቹን ትቶ ነው የመጣው። ስለዚህ የሚጎረብጠው ይለሰልሳል። አንዱ ተነስቶ፣ "ይሄንኑ እኮ ባለፈው ዓመትም ተምረነዋል" ካለ፣ ወደ ፈረንጁ ሲደርስ "ትምህርቱ ጠልቆ ገብቶናል" ይሆናል። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎቹ፣ "ወንበሩ ወገባችንን ጨረሰው፤ እባካችሁ አሳጥሩልን" አሉ። እኔም አለስልሼ፣ "ጊዜው አጠረብን ይላሉ" አልኩ። ሰውየው እንባ አቅርሮ አንድ ሰዓት ጨመረላቸው! ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።

ጋሼ በርጋ አያለሰልሱም ነበር። ለዚህ ነው አቶ ደምሴ እኔን ይበልጥ የሚወዱኝ። የጋሼ በርጋ ዓይን በሞራ ሲሸፈን ቦታው ለእኔ ሆነ፤ እሳቸው በትራቸውን ይዘው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ ጀመር። አቶ ደምሴ በመጀመሪያው ቀን፣ "ስንዱ፣ አንቺ ለዛ አለሽ። ገመናችንን ፈረንጅ ፊት እንዳታዘረግፊው" አሉኝ። እሺ አልኩ። ደስም አለኝ።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል በጀመረበት ሰሞን ነው። የመጣው አስተማሪ ዴቭ የሚሉት ረጅም ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ይያዝልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጸሎት ሲያስተምር ሰነበተ። በጥያቄው ሰዓት ከሆሳዕና ወዲያ የመጡ መጋቢ ላጲሶ ተነሱ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በሦስት ዓመት አንድም ቀን እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

"ስሟ አማረች ነው" አሉ። "የሁለት ልጆች እናት። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጧት። እኔ፣ 'ካመንሽ በሁለት እጅ አትያዢ፤ ወይ ጸሎቱን ወይ ክኒኑን' አልኳት። አማረች ክኒኑን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጸለይን። ጾምን። እኔው ቀበርኳት። ክኒኑ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። መምህሩን የምጠይቀው፣ እኔ መድረክ ላይ መቆም ይገባኛል ወይ?"

ውጪ ተሸካሚዎቹ ብቻ ይጮሃሉ። ዴቭ ወደ እኔ ዞሮ ይጠብቃል። ሥራዬ "እኔ" ማለት ነው። እኔ ከለከልኳት፣ እኔ ቀበርኳት፣ ማለት ነው፤ በገዛ አፌ። ፊት ወንበር ላይ አቶ ደምሴ መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው ቀስ ብለው ነቀነቁ። ዝቅ አድርጊው፣ ማለታቸው ነው። አፌን ከፈትኩ፤ በእንግሊዝኛ የወጣው እንዲህ የሚል ነው፤ "ስለ ጸሎት ስላስተማርከን እናመሰግናለን። በአጥቢያዬ የታመሙ ሰዎች አሉ፤ እንጸልይላቸዋለን። አንተም ጸልይልን።"

ዴቭ ሁለት እጁን አነሳ። ዓይኑ ረጠበ። "አሜን! ወንድሜ፣ በዚሁ ቀጥል! እንዳታቆም!" አለ።

ይህንን ግን፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩት። "አሜን! ወንድሜ፣ በዚሁ ቀጥል! እንዳታቆም!"

መጋቢ ላጲሶ አልተቀመጡም። "እንዲህ ነው ያለው?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። እውነት ነበር። ሰውየው ያለው እሱን ነው።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማታ ፍራሽ ሲዘረጋ የእሳቸው ፍራሽ እንደተጠቀለለ ቀረ፤ ላዩ ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸው። ሰውየው ግን የሉም።

ጋሼ በርጋ በትራቸውን እየመቱ መጡ። ሁለቱንም ቋንቋ ሰምተዋል። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ስንዱ፣ ሰውየውን የት ጣልሽው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እንግዳ ፊት እኮ፣ አቶ ደምሴም ..."

"እዚህ ሰፈር ያለ ተሸካሚ የተቀበለውን ዕቃ መንገድ ላይ ጥሎ ባዶ እጁን ቢደርስ ምን ይባላል?"

"ሌባ።"

"ይኸው አንቺው አልሽው።"

"አሁን ምን ላድርግ?"

"የጣለ ሰው ተመልሶ ይፈልጋላ!"

በማግስቱ ትምህርት ሳይጀመር ዴቭን የአዳራሹ ደረጃ ላይ አገኘሁት። "ትናንት ዋሽቼሃለሁ" አልኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ።

"እኔስ ምን አልኩት?"

"ቀጥል፣ እንዳታቆም፣ አልከው።"

"ጥያቄው ደርሶኝም ቢሆን መልሱን አላውቀውም" አለኝ። "ግን እንደዚያ አልልም ነበር። መድረኩ ላይ ውጪና ለሁሉም ንገሪ፤ እኔ ከጎንሽ እቆማለሁ። ዛሬ አስተርጓሚዋ አንቺ አይደለሽም።"

ወጣሁ። ያደረግሁትን በአማርኛ ተናገርኩ። አቶ ደምሴ ብድግ ብለው፣ "የቤተ ክርስቲያንን ገመና ለፈረንጅ!" ሲሉ፣ "አቶ ደምሴ፣ ሬሳ የወጣበት ነገር ገመና አይባልም" አልኳቸው። እንደዚያ የሚል አፍ ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም። ይሄኔ አንድ ወጣት ፓስተር ከጥግ በኩል ተነሳ። "እኔም ብያታለሁ" አለ። "ለእህቴ። አሁን በሕይወት አለች፤ ዛሬውኑ ልደውልላት።" ወጥቶ ሮጠ። ከዚያ ሌላ ተነሳ። ከዚያ ሌላ። ዴቭ የያዘውን ደብተር ዘጋው፤ ያን ቀን ትምህርት አልነበረም። በማግስቱ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ ስለ መድኃኒቱ አስተማረች፤ ዴቭ መካከላቸው ተቀምጦ ይጽፍ ነበር።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። አቶ ደምሴ አግደውኛል። አውቶቡስ ተራ ሄጄ የሆሳዕናውን መኪና ተሳፈርኩ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ። ከሆሳዕና ወዲያ ሌላ መኪና፣ ከዚያ በእግር። መጋቢ ላጲሶን ያገኘኋቸው ደጃቸው ላይ እንጨት ሲፈልጡ ነው። ሲያዩኝ መጥረቢያውን አቁመው ጠበቁኝ።

"ያሉትን አላልኩልዎትም" አልኳቸው። ቁጭ በይ ሳልባል፣ ሰላምታ ሳላደርስ።

"አውቃለሁ።"

"እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?"

"የት አውቄ! ግን አማረች ብዬ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠራሁ። ስም አይተረጎምም አይደል? ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ። አንቺ ስትናገሪ አማረች የለችም። መንገድ ላይ እንደቀረች አወቅሁ።"

ይህን ያህል ዓመት ስሠራ እንደዚያ ያለ ነገር የነገረኝ የለም። አለቀስኩ። እሳቸው እንጨታቸውን መደርደር ጀመሩ። ሳበቃ፣ "ሰውየው እውነቱን ስትነግሪው ምን አለ?" አሉኝ።

"አላውቅም አለ።"

"አላውቅም አለ?" ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ላላ አለ። "እሱስ መልስ ነው። እኔም ያን ቀን ለአማረች አላውቅም ብያት ቢሆን ኖሮ በሕይወት ትኖር ነበር።"

መጽሐፋቸውን ተቀበሉኝ። ወደ መድረኩ ይመለሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አይመለሱም። የአጥቢያውን ሕመምተኞች ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚያመላልሱ ነገሩኝ፤ በሄድኩበትም ቀን አንዲት ሴት ደጅ ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ልለያቸው ስል ግን፣ "እዳ አለብሽ" አሉኝ። "ስሟ እዚያ አዳራሽ ይጠራ። እኔ ቆሜ እየሰማሁ። ያን ጊዜ እንታረቃለን።"

ያ እዳ ነው ሲያንከራትተኝ የኖረው።

መጀመሪያ ሐጂ ሸምሱ ዘንድ ተመለስኩ። "ምነው፣ ደላላነቱን አበላሽተሽ መጣሽ?" አሉኝ ቴርሞስ እየደረደሩ። ነገርኳቸው። አንድ ካርቶን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "በይ ተቀመጪ፤ ይጠሩሻል" አሉ። እውነትም ጠሩኝ። በእኔ ቦታ ያቆሙት ወንድም እንግዳው አንድ ደቂቃ ሲናገር እሱ አምስት ደቂቃ ይሰብክ ነበር አሉ። አቶ ደምሴ ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጡ። "እሺ፣ ግን በአንድ ነገር" አልኳቸው። "በጥያቄው ሰዓት መጀመሪያ እኔ ቆሜ፣ 'ያልተባለ አልጨምርም፣ የተባለ አላስቀርም፤ አስባችሁ ተናገሩ' እላለሁ።" ፊታቸው ጠቆረ። ሌላ ሰው ግን አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ብናገር አይበቃኝም። አንዱን እንግዳ ሽማግሌዎቹ "አታስተምረን፤ አብረኸን ጸልይና ሂድ፣ ደክሞናል" ሲሉት እንዳለ ነገርኩት፤ አኮረፈ፣ በማግስቱ መጥቶ እግራቸውን አጠበ። ሌላው ተቆጥቶ ቀረ፤ ይቅር። ጋሼ በርጋ ሲሞቱ ባለ ክሩን መጽሐፍ ተናዘዙልኝ። በየዓመቱ የሚጠሩት አገልጋዮች ስም ሲጻፍ፣ "መጋቢ ላጲሶስ?" እላለሁ። አቶ ደምሴ በየዓመቱ፣ "አገልግሎት ያቆመ ሰው አይጠራም" ይሉኛል። ቆርቆሮው አዳራሽ ፈርሶ ፎቅ ሆነ፤ እኛም አምስተኛው ፎቅ ወጣን፣ አሳንሰሩ የማይሠራ። ወጣቶቹ ፓስተሮች እንግሊዝኛ ቻሉ። እንግዲህ ትረፍ ተባልኩ።

ለሽኝቱ ሦስት የክብር እንግዳ መጋበዝ ትችያለሽ አሉኝ። ሐጂ ሸምሱን ጻፍኩ፤ እሳቸው በዘጠና ዓመታቸው አምስት ፎቅ እያረፉ ወጡ። እህቴን ጻፍኩ። ሦስተኛ መጋቢ ላጲሶን ጻፍኩ። የክብር እንግዳ አይሰረዝማ!

ጋቢው ከተለበሰ፣ ምስክር ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ የዕለቱ ትምህርት ቀጠለ። አስተማሪዋ ከባሕር ማዶ የመጣች ጎልማሳ ሴት ናት። የሚያስተረጉመው ብሩክ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ከእኔ ይልቅ እንግሊዝኛው የጠራ። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ መጋቢ ላጲሶ ተነሱ። ሸብተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

"አማረች የምትባል ሴት ነበረች" አሉ። "እኔ መድኃኒቷን አስጣልኳት። እኔው ቀበርኳት። አማረችን ቀብሬ መጥቼ ብጠይቅ፣ 'ቀጥል' ተባልኩ። አልቀጠልኩም። እንግዳዋን የምጠይቃት፣ ያስተማራችሁንን ይዘን ሰው ስንቀብር ተመልሳችሁ ትጠይቁናላችሁ ወይ?"

ብሩክ ወደ አቶ ደምሴ አየ። የአቶ ደምሴ መዳፍ ወደ መሬት ተነቀነቀ። ያቺው መዳፍ! ብሩክ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አባታችን ለረጅም ዘመን አገልግሎታቸው ያመሰግናሉ፣ እንድትጸልይላቸውም ይጠይቃሉ፣ አላት። በጠራ እንግሊዝኛ።

ከክብር ወንበሬ ተነሳሁ። ጋቢው እግሬን ጠለፈኝ፤ ሰበሰብኩት።

"አላሉም!" አልኩ።

ከዚያ ከሴትየዋ በግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቆምኩ። ማይክ አልነበረኝም፤ አላስፈለገኝም። ሁሉንም ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ አልኩት። አማረች የምትባል ሴት ነበረች። እኔ አስጣልኳት። እኔ ቀበርኳት። አማረች ባልኩ ቁጥር መጋቢ ላጲሶን አየሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይሰሙ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠሯት፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጠራኋት።

ሴትየዋ አሜን አላለችም። ደብተሯን ከፈተች። "ስሟን እንደገና ንገሪኝ" አለችኝ።

"አማረች" አልኩ።

ጻፈችው። መጋቢ ላጲሶ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ተቀመጡ። ከኋላዬ የሐጂ ሸምሱ ድምፅ፣ "በይ፣ አሁን ደረሰ" ሲል ሰማሁ።

አቶ ደምሴ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ አጠገቤ ደረሱ። "እህት ስንዱ! ዛሬ ይረፉ አላልኩዎትም?"

"አረፍኩ እኮ፣ አቶ ደምሴ" አልኳቸው። "ገና አሁን።"